የግራው ኮር የምላጭ፣ የቀኙ የሙሽሪት

ምላጭ የምንላት በምላሷ ነው። ስሙን ያወጣንላት እኛው የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ነን፤ ስትሰማም አልተቀየመችም። «ቢላዋ ብትሉኝ ነበር የምጣላችሁ፤ ቢላዋ ማንም ይይዘዋል» ብላ አለፈችው። ስለ እሷ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ቃል ነው፤ ቃሉም «ሰነፍ» ነው። በዕድሜዬ ብዙ ሰነፍ አይቻለሁ፤ አብሬያቸውም ውያለሁ። ምላጭን ሰነፍ ያለ ሰው ግን ወይ ሥራ አያውቅም፣ ወይ ሰው አያውቅም። ሁለቱንም የማያውቅ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ሆኖብን ነበር።

እኔ የማተሚያ ቤቱ አራሚ ነኝ። እዚህ ቤት የገባሁት ወረቀት ተሸካሚ ሆኜ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ሸብቶ፣ ልጆቼ አድገው፣ የተበላሹ ገጾችን ከቅርጫት እያወጣሁ ነው። በዚህ አላፍርም። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን በልጅነቱ እንዳገኛት ሰው አይንቃትም። ስለዚህ ስለ ምላጭ ገጽ ስናገር የማውቀውን ነው የምናገረው፤ ስንት መጽሐፍ ከእጇ ተቀብያለሁ፣ ቀይ እስክሪብቶዬም በእሷ ገጽ ላይ ሥራ ይፈታ ነበር።

የጽሕፈት ክፍላችን ጠባብና ረዥም ነው። ከግድግዳው ማዶ ማተሚያው ሲዞር ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የሻይ ብርጭቆውን ጠርዝ ላይ ያስቀመጠ ሰው ስብርባሪውን ከወለል ይለቅማል። ምላጭ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች፤ የመጻሕፍትን ጽሑፍ የምትጽፍና ገጹን የምታሰናዳ እሷ ናት። በበሩ በኩል የታናሽ ወንድሟ ሚስት አለች፤ የመጽሐፍ ሽፋንና ማስታወቂያ ትሠራለች። እሷን ሙሽሪት እንላታለን። የተቀጠረችው በሠርጓ ሰሞን ስለነበር ሦስት ልጅ ወልዳም ስሙ አለቀቃትም። አምጥታ ያስቀጠረቻት፣ ጣቷን ይዛ ያስተማረቻት ምላጭ ናት። ወንድምየው ሥራ ከፈታ ቆይቷል፤ ያ ቤት የቆመው በሙሽሪት ደመወዝ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለቱም የየራሳቸው አሮጌ ኮምፒውተር ነበራቸው። አሮጌዎቹ ባለ አንድ ኮር ናቸው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው በእኔ ቋንቋ ልንገረው። ፕሮሰሰር የሚባለው የማሽኑ አእምሮ ነው፤ ኮር ደግሞ በዚያ አእምሮ ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራው ሠራተኛ ማለት ነው። ባለ አንድ ኮር እንደ አንድ ጸሐፊ ነው። የአንዱን ጉዳይ ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ የሌላውን ያነሣል። እጁ ስለሚፈጥን ሁለቱን አብሮ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ሥራው ማፈራረቅ ነው። ከባድ ጉዳይ ከመጣበት ሌላው ባለጉዳይ ቆሞ ይጠብቃል። ምላጭ ገጹን ጥግ ላይ ወዳለችው ትንሽ ማተሚያ፣ ወደ ፕሪንተሯ፣ ስትልክ ማሽኑ ድርቅ ይልባታል፤ ያኔ እጇን አጣጥፋ ትሰድበዋለች።

«በል አምጥ! ምጥህ የዝሆን፣ ልጅህ አንድ ገጽ!»

ስድቡ የሥራው አካል ነበር። ማሽኑ ሲነቃ እሷም ትቀጥላለች፤ ገጹም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ማተሚያ ቤቱን ያቋቋሙት ሽማግሌ ሲሞቱ ልጃቸው ወንበራቸው ላይ ወጣ። ከወረቀት ክምር ወደ ክምር ሲዘል ያሳደግነው ልጅ ነው። ንግግሩን ሁሉ «ጉዳዩ ምን መሰላችሁ» ብሎ ስለሚጀምር በሌለበት «ጉዳዩ» እንለዋለን። ይህ ሰው አንድ ቀን አንድ አዲስ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስክሪን፣ ሁለት ኪቦርድና አንዲት ትንሽ ማከፋፈያ ሳጥን አሸክሞ መጣ። ሁለቱን አሮጌዎች ከደረጃው ሥር አስጣላቸው። ስክሪኖቹን በመስኮቱና በበሩ በኩል አስቀመጠ፤ ሁለቱንም በሳጥኗ በኩል ከአንዱ ማሽን ጋር አገናኘ።

«ጉዳዩ ምን መሰላችሁ፣ ይኼ ባለ ሁለት ኮር ነው። ሁለት ኮር፣ ሁለት ሰው! የግራው ኮር የእትዬ ምላጭ፣ የቀኙ የሙሽሪት። አንድ ገዝቼ ሁለት አደረግኩት። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ?»

«ተረቱን ጨርሰው እንጂ» አለች ምላጭ። «አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው የሚለው። ተንጠልጣዩ ማነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አይሰበርም!»

ሳቅን። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወረቀት ቀድዶ የሁለቱን ስም ጻፈና በማሽኑ ግራና ቀኝ ጎን ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ቤት ለሁለት ከፍሎ እንደሚያከራይ ሰው ማለት ነው። ያን ወረቀት ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር። ማሽኑ ፈጣን ነው፤ ድምፁም አይሰማም። ሙሽሪት ትልልቅ ሥዕል ያለበት ሽፋን መሥራት ስትጀምር ግን የምላጭ ስክሪን ያንቀላፋ ጀመር። ትጽፋለች፣ ፊደሉ አይታይም። ደግማ ትጽፋለች፣ አሁንም የለም። ከዚያ የተኛው ሁሉ በአንዴ ነቅቶ ይግተለተላል፤ ቃሉ ሁለት ጊዜ፣ መስመሩ ሁለት ጊዜ። ቀይ እስክሪብቶዬ ሥራ አገኘ። ገጹን ይዤ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«እኔን ምንም አልነካኝም አባባ። ይኼ ዕቃ ነው የሚያንቀላፋው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«አባባ ይሙቱ፣ ማሰሮው ቀዳዳ ሆኖ እኔን አፍሳሽ አያድርጉኝ!»

አመንኳት። ሙሽሪት ግን አላመነቻትም፤ ወረቀቱን ነበር ያመነችው።

«ሙሽሪት፣ ያን ሥዕል ዝጊው!»

«ሥዕሉን ዘግቼ ምን ልሥራ እትዬ? የኔ ኮር በቀኝ ነው። አንቺን ምን አገባሽ?»

«የኔ ኮር ትላለች! ከናትሽ ቤት ያመጣሽው ንብረት ነው?»

«አንቺም ከናትሽ ቤት አላመጣሽውም!»

እንዲህ እየተባባሉ ከረሙ። እሑድ እሑድ በአንድ ገበታ የሚቀመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እሑዱም ቀረ። ወንድምየው በእህቱና በሚስቱ መካከል ገብቶ «ኧረ በናታችሁ» ሲል ሁለቱም «አንተ ዝም በል» አሉት አሉ። በአንድ ነገር እንኳ ተስማሙ ማለት ነው።

ከዚያ የአንድ ትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ ታዘዘ። እኔ አርሜ መለስኩ፤ ምላጭ እርማቱን ስታስገባ ስክሪኑ ተኛባትና አንድ ሙሉ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ገባ። እንደ ደንቡ ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ እኔ መመለስ ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ «ጊዜ የለንም» ብሎ በቀጥታ ወደ ማተሚያው ላከው። መጽሐፉ ታስሮ፣ ተጭኖ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ መጣ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። እሱ ግን ክፍሉ መሐል ቆሞ፣ የማተሚያ ሠራተኞች በበሩ እያዩ፣ ጣቱን ምላጭ ላይ ቀሰረ።

«ማሽኑ እኩል፣ ኮሩ እኩል! ሙሽሪት ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች፣ አንቺ ትጎትቻለሽ። ሰነፍ ሆነሻል! እጅሽ አርጅቷል! ወሩ ሲያልቅ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትሰናበታላችሁ። ማን እንደሆነች እኔ አልፈርድም፤ ማሽኑ ራሱ ይፈርዳል።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል እንዲህ ነው። የገዛው ዕቃ እንዳያሳፍረው ሰውን አዋረደ። ልናገር አፌን ስከፍት ምላጭ በእጇ ከለከለችኝ። እሱ ከወጣ በኋላ ፊቷ ዐመድ መስሎ እንዲህ አለች፦

«መባረሩን ይተዉት አባባ። ቢያባርረኝ እጄ አብሮኝ ይሄዳል። ሰነፍ የሚለውን ቃል ይዤ ግን ከዚህ በር አልወጣም። አፉ ያወጣውን አፉ ይመልሰዋል።»

ኮምፒውተር የሚጠግንልንን ሰው ጠራችው። ሰውየው ማሽኑን አየ፤ በግራና በቀኝ የተለጠፈውን ስም አነበበ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ኮር ለሰው አይታደልም እኮ! ሥራ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ነው የሚያከፋፍለው፤ የማንም ይሁን የማን። ሁለት ሥራ አብሮ መሥራቱ እውነት ነው፣ ጎበዝ ማሽን ነው። ግን ሁለቱም ኮሮች የሚበሉት ከአንድ ሚሞሪ፣ የሚቀዱት ከአንድ ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለት ምግብ አብሳይ ቀጥረሽ አንድ ጠባብ ምድጃ ብትሰጪያቸውስ? አንዷ ትልቁን ድስት ስትጥድ ሌላዋ ቆማ ታያለች።»

ሙሽሪት ሰማች። ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

በማግስቱ ጠዋት ምላጭ ከደረጃው ሥር አንዱን አሮጌ ማሽን ጎትታ አወጣች። አቧራውን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ከነአሮጌ ስክሪኑ በመስኮቱ በኩል ሰካችው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ። ማተሚያውን የሚያዞሩት ሁሉ መጡ። ሥራ አስኪያጁም ጩኸቱን ሰምቶ ወረደ።

«ምንድነው ይኼ ሁሉ ግርግር?»

«ማሽኑ ይፈርዳል አላልክም? ይፍረዳ! ዳኛ ግን ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም።»

እምቢ ሊል ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ ስለሚያየው ተወው። ከመማሪያው መጽሐፍ አንድ ገጽ መረጡ። ምላጭ መጀመሪያ አሮጌው ላይ ጻፈችው። ጣቷ ሲበር ማየት ደስ ይላል፤ እጇ አርጅቷል የሚል ሰው ይይ። ጨርሳ ወደ ፕሪንተሯ ስትልከው ማሽኑ ደረቀ፤ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች፤ ወረቀቱ ሲወጣ ቀጣዩን ጀመረች። ቀጥሎ ሙሽሪትን አስነሥታ አዲሱ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ያንኑ ገጽ ጻፈች፤ ላከችው፤ ፕሪንተሯ ወረቀቱን ሳትተፋው ምላጭ ቀጣዩን ገጽ እየጻፈች ነበር። ልዩነቱን ሁላችንም አየነው።

«አዲሱ ይበልጣል» አለች ዞር ብላ። «ይበልጣል! ዕቃው መጥፎ ነው አላልኩም። አሁን ሙሽሪት፣ ነይ ተቀመጪ፤ ትልቁን ሽፋን ክፈቺ።»

ሙሽሪት ሥራ አስኪያጁን አየችው። ከዚያ ተቀመጠችና ከፈተችው። ሃርድ ዲስኩ ሲሠራ ብልጭ ድርግም የሚለው የማሽኑ ቀይ መብራት አሁን በርቶ ቀረ። ምላጭ ስትመታ ኪቦርዱ ይንኳኳል፣ ስክሪኑ ባዶ ነው። እጇን አንሥታ በአየር ላይ ይዛ ጠበቀች። ከዚያ ፊደሉ ሁሉ ተደራርቦ ዘነበ። የማተሚያው ሠራተኞች «ወይ ጉድ!» አሉ። እኔ ገጹን ተቀብዬ በቀይ አከበብኩትና ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ብዙ ቀይ ነበረበት።

«እህ?» አለች ምላጭ። «ማነው ሰነፉ?»

«እሺ… ነገሩ ቴክኒክ ነው።»

«ቴክኒኩን ተወው። ሰነፍ ነሽ ብለኸኛል። እዚህ ቦታ፣ እነዚህ ሰዎች ፊት።»

«እሺ፣ ሰነፍ አይደለሽም።»

«ማራገቢያው ስለሚጮህ አልሰማሁህም።»

«ሰነፍ አይደለሽም አልኩ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ሴትዮዋ ስሟን አስመለሰች። በዚህ አብቅቶ ቢሆን እኔም ይህን ያህል ባልተናደድኩ ነበር።

እሱ ግን በቀይ የተከበበውን ገጽ እያየ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ከአባቱ አልወረሰውም።

«ጉዳዩ ምን መሰላችሁ፣ እትዬ ምላጭ ጥሩ አድርጋ አሳየችን። አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራበት ማሽኑ ይበራል። ሁለት ሰው ነው የሚያበላሸው። ስለዚህ አንድ ሰው ይበቃናል ማለት ነው። አንቺ ትቆያለሽ። ሙሽሪት፣ አንቺ ወሩ ሲያልቅ…»

አልጨረሰውም፤ መጨረስም አላስፈለገውም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ሙሽሪት ከወንበሯ ተነሣች። ሥራ አስኪያጁን ረስታ ምላጭ ላይ አፈጠጠች።

«ደስ አለሽ? ስምሽን አገኘሽ? ልጆቼን በስምሽ አበላቸዋለሁ!»

«እኔ መች…»

«ወንድምሽን ምን ልበለው? እህትህ ጎበዝ መሆኗ ተጨብጭቦላታል ልበለው?»

ምላጭ ቀስ ብላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ሽፋኑንስ ማን ይሠራዋል?»

«አንቺ ነሻ! ሁለት ሥራ በአንዴ እንደሚሠራ ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«እሱ ማሽኑ ነው! እኔ ስንት ኮር ያለኝ መስሎህ ነው?»

አንዱ የማተሚያ ሠራተኛ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ምላጭ ግን እየሳቀች አልነበረም። ጎንበስ ብላ ማከፋፈያዋን ሳጥን ከነገመዷ ነቀለችና ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ አስቀመጠችለት። በመስኮቱ በኩል የነበረው ስክሪን ጠፋ። በማሽኑ ጎን የተለጠፈውን የራሷን ስም ቀድዳ ጣለች። ከዚያ አሮጌው ማሽን ፊት ተቀመጠች።

«እኔ እዚህ ነኝ። እሷ አዲሱ ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ሰው፣ ሁለት ማሽን። ገጹም ይወጣል፣ ሽፋኑም ይወጣል። አልወድም ካልክ ሁለታችንንም አሁን አሰናብትና መማሪያውን አንተው ተቀምጠህ ጻፈው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ደግመው ይመጣሉ፤ ምን እንደምትላቸው ከወዲሁ አስብ።»

«እኔን ልታስፈራሪኝ ነው?»

«እያሳየሁህ ነው። ማየት ትወድ የለ?»

ሙሽሪትን አየ። ሙሽሪት ዐይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። ለመቀመጥም ለመሄድም አልተንቀሳቀሰችም። ማተሚያውን የሚያዞሩት ሰዎች ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ከግድግዳው ማዶ ማተሚያው ቆሞ ነበርና ከአሮጌው ማራገቢያ በቀር ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እዚያ ቤት ጸጥታ ማለት ኪሳራ ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። ሳጥኗን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወራት።

«እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ይሁን።»

«እስከ መጽሐፉ መጨረሻ የሚባል አላውቅም። ወይ ሁለታችን፣ ወይ ማንም።»

«እሺ! እሺ አልኩ! ሁላችሁም ወደ ሥራችሁ!» ብሎ ደረጃውን በእርግጫ እየመታ ወጣ።

እንግዲህ የፈጣኑን ማሽን ብልጫ ያስመሰከረችው ሴት ዘገምተኛው ላይ ቀረች። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ገጽ በላከች ቁጥር ይደርቃል፤ እሷም ትሰድበዋለች። ሥራ አስኪያጁ ደንበኛ ሲመጣ ክፍሉን እያስጎበኘ «እኛ ዘንድ በሦስት ኮር ነው የሚሠራው» እያለ ይኩራራል። የአዲሱን ሁለት ከአሮጌው አንድ ጋር ደምሮት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን እስክሪብቶዬን ጠረጴዛ ላይ ወርውሬያለሁ። ሰው ነው የሚሠራው! ሁለት ሴቶች ናቸው የሚሠሩት! ይህን ለማለት ምን ያህል ኮር ያስፈልጋል?

ሙሽሪት አላመሰገነችም። ምላጭም ምስጋና አልጠበቀችም፤ ብትመሰገንም ትቆጣ ነበር። አንድ ሰሞን ጀርባና ጀርባ ሆነው፣ ደህና አደርሽ ሳይባባሉ ሠሩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን አሮጌው ማሽን ገጽ እያተመ ደርቆ ምላጭ «አምጥ! አምጥ አንተ ድንጋይ!» ስትለው ሙሽሪት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«እትዬ፣ የጨረስሽውን በፍላሽ ስጪኝና በዚህ ላትመው። አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ።»

«ማን ለመነሽ?»

«ስድብሽ ሰለቸኝ። ጆሮዬ ደነቆረ።»

«ሥዕልሽስ? ይቆምብሻል።»

«ይቁማ! ገጹ ከወጣ ሥዕሉ ጥቂት ቢቆም ምን አለበት? ስጪኝ እንጂ!»

ምላጭ ፍላሹን ነቅላ ሳትዞር ወደ ኋላ ወረወረችው። ሙሽሪት ቀለበችው። ጥቂት ቆይታ ፕሪንተሯ ገጹን ተፋች፤ ምላጭም ጽሑፏን አላቆመችም ነበር። ገጹን ያመጣችልኝ ሙሽሪት ናት፤ ከፊቴ አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ስሕተት ካገኙ ለኔ ይንገሩኝ፤ ለእሷ እኔ እነግራታለሁ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ!» አለች ምላጭ ከመስኮቱ በኩል።